በሌላ አገር ማዕድ ማፍጠር፦ አንድ የረመዳን ሳምንት በዛንዚባር

ረመዳን ለብዙዎቻችን የቤት ወር ነው። ሩቅ የሚኖረው ልጅ ወደ ወላጆቹ ይመለሳል፤ የተራራቀ ዘመድ በኢፍጣር ይገናኛል፤ እናቶች የሳምቡሳውን ሊጥ ሲዳምጡ ልጆች ቴምሩን በየሳህኑ ያድላሉ። ስለዚህ አንድ ሰው ተነስቶ "በረመዳን ከአገር ወጥተን አገር እንይ" ቢል፣ መጀመሪያ የሚሰማው መልስ "ምነው፣ ወሩ እስኪወጣ ብትታገሱስ?" የሚል ነው። መልሱ ተገቢ ነው። ጉዞ ያደክማል፣ ገንዘብ ያስወጣል፣ ካልተጠነቀቁም ከዒባዳ ያዘናጋል።

ይሁን እንጂ ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱል በቀራ የረመዳንን ጾም ሲደነግግ እዚያው መንገደኛውንም ያነሳዋል። ጾሙን በሌሎች ቀናት እንዲያሟላ ፈቅዶለታል። ጾም ሲደነገግ ሰው መንገድ ላይ ሊሆን እንደሚችል ታስቦለታል ማለት ነው። በዛሬው የረመዳን ገጻችን ከቤተሰቦቻችን ጋር ሆነን አንድ የረመዳን ሳምንት ያሳለፍንባትን ዛንዚባርን እናስቃኛችኋለን። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ የምናየው ባሕርና አሸዋ ነበር። በረመዳን ስለሄድን ግን ቤት ገባን፣ ማዕድ ቀረብን፣ ከባድ ታሪክም ሰማን።

ሰዓቱ የእኛው ሰዓት

ዛንዚባር ከታንዛኒያ የባሕር ዳርቻ ማዶ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያለች ምድር ናት። ዋና ዋናዎቹ ደሴቶች ኡንጉጃና ፔምባ ይባላሉ፤ እንግዳ ሰው "ዛንዚባር" ሲል በአብዛኛው ኡንጉጃን ማለቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገው ቆጠራ ነዋሪዋ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሲሆን፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙስሊም ነው። ከአዲስ አበባ በቀጥታ ለሚበር መንገደኛ ጉዞው ሦስት ሰዓት ገደማ ነው።

ኢትዮጵያዊ እንግዳን መጀመሪያ የሚያስገርመው ሰዓቱ ነው። የስዋሂሊ ተናጋሪዎች ቀኑን የሚቆጥሩት ልክ እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ነው። ፈረንጆቹ "ሰባት ሰዓት" የሚሉትን ጠዋት እነርሱ "ሳአ ሞጃ" ይሉታል፤ አንድ ሰዓት ማለት ነው። የመግሪብ አዛን በሄድንበት ሰሞን የሚሰማው ከ12 ሰዓት ተኩል ትንሽ አለፍ ሲል ነበር፤ ከአዲስ አበባው ጋር በደቂቃዎች ብቻ የሚለያይ። ሌላው ቱሪስት ሰዓቱን ሲደምርና ሲቀንስ እኛ በቀጠሯችን እንገኝ ነበር።

ቋንቋውም ለጆሮ ሩቅ አይደለም። ከዐረብኛ የተዋሳቸው ቃላት ብዙ ስለሆኑ "ሳአ" ሰዓት፣ "ዳኪካ" ደቂቃ፣ "ሱካሪ" ስኳር መሆናቸውን ልጆቻችን ያለ አስተርጓሚ ለዩ። ሳምቡሳም እዚያ ስሟ ሳምቡሳ ነው። ልጅ ትልቅ ሰው ሲያገኝ "ሺካሞ" ብሎ ሰላምታ ያቀርባል፤ ትልቁም "መራሃባ" ብሎ ይቀበለዋል። የኢትዮጵያ የድሮ ስም በስዋሂሊ "ኡሀበሺ" ነበርና፣ ከየት እንደመጣን የጠየቁን አዛውንት "ከሐበሻ" ስንላቸው ወዲያው የቢላልን ስም አነሱልን።

የሙሳፊር ጾም

ከመነሳታችን በፊት በየቤታችን የተነሳው ጥያቄ ጾሙ እንዴት ይሁን የሚል ነበር። በብዙ ሊቃውንት ዘንድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ የሚጓዝ ሰው ሙሳፊር ነው። ባለ አራት ረከዓ ሶላቶችን ወደ ሁለት ማሳጠር፣ ጾሙንም ፈትቶ በሌላ ጊዜ ቀዷ ማውጣት ይችላል። አንድ ቦታ ለመቆየት ያሰበ ግን ሁኔታው ይለያል። በሻፊዒይ መዝሀብ ከመግቢያና ከመውጫ ቀኑ ሌላ አራት ቀንና ከዚያ በላይ ለመቆየት የነየተ፣ በሐነፊይ ደግሞ አሥራ አምስት ቀንና ከዚያ በላይ ለመቆየት የነየተ እንደ ነዋሪ ይቆጠራል። ጾም ይዞ ካነጋ በኋላ ቀን ላይ ከቤቱ የተነሳ ሰው የዚያን ዕለት ጾም እንዲጨርስ ብዙዎቹ ሊቃውንት ይላሉ። ዝርዝሩን ሁሉም ቤተሰብ የሚያምነውን ዑስታዝ ጠይቆ ቢነሳ መልካም ነው።

ከመካከላችን ሐነፊይም ሻፊዒይም ነበረ፤ የምታጠባ እናትም ነበረች። አንዳንዱ ጾመ፣ አንዳንዱ በፈቃዱ ተጠቀመ፤ ማንም ማንንም አልወቀሰም። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሶሐቦችም በረመዳን አብረው ሲጓዙ የጾመው ያልጾመውን፣ ያልጾመውም የጾመውን አይነቅፍም እንደነበር ተዘግቧል። ለልጆቻችን ይህን በቃል ከማስተማር መንገድ ላይ ማሳየቱ ቀለለን። የአላህ እዝነት ማፈሪያ እንዳልሆነ በዓይናቸው አዩት።

ዛንዚባር ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ የጾሙ ርዝመት በየትኛውም ወቅት ከ13 ሰዓት እምብዛም ፈቅ አይልም። የሚከብደው ሙቀቱና ወበቁ ነው። የአገሬው ሰው ይህን በቀኑ አከፋፈል ይቋቋመዋል። ገበያው በጠዋት ይሞቃል፤ ከዙህር እስከ ዐስር መንገዱ ጭር ይላል፤ ከዐስር በኋላ ከተማው እንደገና ይነቃል። ቀን በአደባባይ መብላትና መጠጣት አይፈቀድም። አብዛኛው ምግብ ቤት ይዘጋል፤ ለውጭ አገር ጎብኚ የሚያቀርቡትም ከመጋረጃ ኋላ ነው። በሌላ ወር ከሆቴል ሆቴል የሚዘዋወር እንግዳ በረመዳን ከአገሬው ጋር የሚገናኝበት በር ይጠብበታል። ጾመኛ ለሆነ እንግዳ ግን በሩ ይበልጥ ይሰፋል።

ፉታሪ፦ የምድሩና የባሕሩ ማዕድ

ኢፍጣርን እነርሱ "ፉታሪ" ይሉታል። ያረፍንበት ቤት ባለቤት እናት በሁለተኛው ቀን ወደ ቤታቸው ጠሩን። ልጆቻችን እንደ አገሩ ልጆች "ቢቢ" አሏቸው፤ አያት ማለት ነው። ወንዶች በረንዳው ላይ፣ ሴቶችና ሕፃናት ውስጥ፣ በተነጠፈ ሰሌን ላይ በሰፋፊ ትሪ ዙሪያ ተቀመጥን። ቴምርና ውኃ ቀደመ፤ መግሪብ ተሰገደ፤ ከዚያ ማዕዱ ቀረበ።

እኛ ቤት ኢፍጣር ቴምር፣ ሾርባ፣ ሳምቡሳና የአብሽ መጠጥ ነው። እነርሱ ቤት ደግሞ ዋናው ነገር በኮኮናት ወተት የተቀቀለ የሥራሥር ምግብ ነው። ካሳቫ፣ ስኳር ድንች፣ ጎደሬና ያልበሰለ ሙዝ ይላጡና በኮኮናቱ ወተት ውስጥ ቀስ ብለው ይበስላሉ፤ አንዱ ጨው ያለው፣ ሌላው በስኳርና በሄል የጣፈጠ ይሆናል። ከጎኑ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ትኩስ ቂጣ፣ በስኳርና በሄል የተሠራ ቀጭን ፓስታ፣ በሽሮፕ የተነከረ ክብ ጥብስ ሊጥ፣ ለጉሮሮ የሚስማማ ቀጭን አጥሚትም አለ። መጠጡ ከሮቃና ከባኦባብ ፍሬ የሚጨመቅ ነው።

ማዕዱ የአገሩን አፈር ይናገራል። ኮራል ድንጋይ በበዛበት መሬት እህል በሰፊው አይበቅልም። ካሳቫና ኮኮናት ግን ይችላሉ፤ ሩዙም ከባሕር ማዶ ሲመጣ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1331 ገደማ በዚህ ዳርቻ ያለፈው የታንጀሩ ተጓዥ ኢብን ባጡጣ በሞቃዲሾ ያልበሰለ ሙዝ በወተት ተቀቅሎ እንደቀረበለት ጽፏል። እርሱ ከዘይላ ተነስቶ በሞቃዲሾና በሞምባሳ በኩል እስከ ኪልዋ ወርዷል፤ የሞምባሳ ሰዎች የሻፊዒይ መዝሀብ ተከታዮች መሆናቸውንም መዝግቧል። ዛሬም አብዛኛው የዛንዚባር ሕዝብ ሻፊዒይ ነው፤ ከኦማን የመጡት ቤተሰቦች ደግሞ ኢባዲዮች ናቸው።

መዝሀቡ እማዕዱ ላይም ይገለጣል። ኦክቶፐስ የተባለው ባለ ስምንት እጅ የባሕር ፍጥረት እዚያ የዘወትር ምግብ ነው፤ በኮኮናት ተሠርቶ ለፉታሪም ይቀርባል። በሻፊዒዮች ዘንድ የባሕር ፍጥረት በጠቅላላው ሐላል ሲሆን፣ በሐነፊዮች ዘንድ ግን ከዓሣ በቀር አይበላም። ከእኛ መካከል ሐነፊይ የሆኑት ይህንኑ በትሕትና ሲናገሩ ቢቢ ቅር አላላቸውም። "ለእናንተ ዓሣ አለ" ብለው ሌላ ሳህን አስመጡ። ልጆቹ ሃይማኖታቸው አንድ ሆኖ ሳለ በምግብ ሊለያዩ እንደሚችሉ፣ ልዩነቱም በአንድ ትሪ ዙሪያ ከመቀመጥ እንደማያግድ የተማሩት እዚያ ነው።

ቅመሙን ሳናነሳ አናልፍም። እ.ኤ.አ. በ1840 ገደማ የኦማኑ ሱልጣን ሰይድ ቢን ሱልጣን መቀመጫቸውን ከሙስካት ወደ ዛንዚባር አዛወሩ። በእርሳቸው ዘመን የቅርንፉድ ተክል ተስፋፍቶ ደሴቶቹ የዓለምን የቅርንፉድ ገበያ ያዙ። ዛሬም ከከተማ ወጣ ብለው ባሉ እርሻዎች ቀረፋ ከዛፉ ቅርፊት ሲላጥ፣ ቁንዶ በርበሬ እንደ ሐረግ ሲወጣ፣ እርድ ከመሬት ሲነቀል ይታያል። በሻያችን ውስጥ የምናውቀው ቅርንፉድ የዛፍ እምቡጥ መሆኑን ልጆቻችን ያወቁት በእጃቸው ቀጥፈው ነው።

ሌሊቱ

ከተራዊህ በኋላ ስቶን ታውን የሚባለው አሮጌው ከተማ ሌላ መልክ ይይዛል። ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ ፎቆች፣ ሁለት ሰው ተላልፎ የማያልፍባቸው ጠባብ መተላለፊያዎች፣ በምስማርና በጥርብ ያጌጡ ግዙፍ የእንጨት በሮች ያሉበት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በየቤቱ ፊት "ባራዛ" የሚባል የድንጋይ መደብ አለ። ሽማግሌዎች እዚያ ተቀምጠው ይወያያሉ፤ ቡና ሻጩ በከሰል ላይ የተጣደ ጀበናውን ይዞ ስኳር የሌለው ቡና በትንንሽ ስኒ ያድላል፤ ከጎኑ ከኮኮናት ወይም ከለውዝ የተሠራ ጣፋጭ ይቀርባል። ቡና ከእኛ አገር ተነስቶ በየመን በኩል ዓለምን እንደዞረ ስንነግራቸው ሻጩ የሁለተኛውን ስኒ ሒሳብ አልቀበልም አለን።

በባሕሩ ዳር በፎሮዳኒ መናፈሻ ማታ ማታ የምግብ ገበያ ይቆማል። የተጠበሰ ሥጋና ዓሣ፣ የሸንኮራ ጭማቂ፣ ከማንጎና ከሎሚ የጎመዘዘ "ኡሮጆ" የሚባል መረቅ ይሸጣል። ቤተሰብ ከነልጁ ወጥቶ እዚያ ያመሻል። ጎህ ከመቅደዱ በፊት ደግሞ ወጣቶች ከበሮ እየመቱ በየመንደሩ ይዞራሉ፤ ለ"ዳኩ"፣ ማለትም ለሱሁር፣ ሰውን የሚቀሰቅሱ ናቸው። ስልክ በየኪሱ ባለበት ዘመን ከበሮው ለምን አስፈለገ ብለን ለጠየቅነው አንድ ወጣት "ስልክ የሚያነቃው ባለቤቱን ነው፤ ከበሮ ግን ጎረቤቱን ሁሉ ነው" ሲል መለሰልን።

ጨረቃና ባሕር

የሄድነው በወሩ አጋማሽ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሰሞን ነበር። በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ መንደሮች፣ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜም ይመለሳል። ጨረቃ አዲስ ስትወጣና ሙሉ ስትሆን ደግሞ ሽሽቱ ይረዝማል፤ የባሕሩ ወለል በእግር እስኪሄዱበት ድረስ ይገለጣል። ይህን ጠብቀው ወደ ባሕሩ የሚወርዱ ሴቶች አሉ። በካስማና በገመድ ላይ የባሕር ሣር ያመርታሉ። ሥራው በዛንዚባር የተጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ አብዛኞቹ ገበሬዎች ሴቶች ናቸው። ሣሩ ደርቆ ወደ ውጭ ይላካል፤ ከእርሱ የሚወጣው ማወፈሪያ ለምግብና ለጥርስ ሳሙና ይውላል።

እነዚህ እናቶች ጾመው እስከ ጉልበታቸው ጨዋማ ውኃ ውስጥ ቆመው ሲሠሩ አየን። የጾማቸው መግቢያም የሥራቸው ቀጠሮም በጨረቃ ነው። እኛ ከተሜዎች ጨረቃን የምናስታውሰው የረመዳን መግቢያና የዒድ ዋዜማ ላይ ነው። እነርሱ ግን ወሩን ሙሉ ይከታተሏታል። ባሕሩ እየሞቀ በመምጣቱ ሣሩ በበሽታ እየተመታ አስቸግሯል፤ ስለዚህ አንዳንዶቹ ወደ ጠለቀ ውኃ ለመግባት ዋና መማር ግድ ሆኖባቸዋል።

ከባሕሩ ወደ መሐል ስንመለስ 50 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የጆዛኒ ጨዋካ ባሕረ ሰላጤ ብሔራዊ ፓርክ ጎበኘን። በዚያ የሚኖረው ቀይ ኮሎበስ ጦጣ የእኛ ጉሬዛ ዘመድ ሲሆን፣ ከዛንዚባር በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ለመፍጨት የሚያስቸግር ቅጠል ስለሚበላ ከሰል ፈልጎ ይቆረጥማል፤ ከሰሉ መርዙን ያረክስለታል። ፓርኩን በጠዋት መጎብኘት ለጾመኛ ይመረጣል፤ ጥላው ብዙ፣ መንገዱም አጭር ነው።

ልጆች የጠየቁት ጥያቄ

በደቡብ ጫፍ በኪዚምካዚ አንድ መስጂድ አለ። ሕንጻው በኋላ ዘመን ታድሷል፤ በሚሕራቡ ዘንድ በኩፊ ፊደል የተቀረጸው ጽሑፍ ግን 500 ዓመተ ሒጅራን፣ እ.ኤ.አ. 1107ን ያመለክታል። ይህን ሁሉ ዘመን አዛን ሲሰማበት የኖረ አገር መሆኑን ማየት ልብን ይሞላል።

በማግስቱ ያየነው ግን ልብን ይሰብራል። በስቶን ታውን የባሪያ ገበያ የነበረበት ቦታ ዛሬ የአንግሊካን ካቴድራል ቆሞበታል። በግቢው ጉድጓድ ውስጥ አንገታቸው በሰንሰለት የታሰረ አምስት የድንጋይ ሐውልቶች አሉ። ከአህጉሩ መሐል ተይዘው በእግር እየተነዱ የመጡ ሰዎች እዚህ ይሸጡ ነበር፤ ከፊሉ በደሴቶቹ የቅርንፉድ እርሻ ላይ ቀርቷል። ገበያው የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። ከሻጮቹና ከገዢዎቹ መካከል ሙስሊሞች ነበሩ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃችን "ሙስሊም ሆነው እንዴት?" ብላ ጠየቀች።

ጥያቄውን ለመሸሽ አልፈለግንም። ባሪያ ነጻ ማውጣት በእስልምና ታላቅ ምንዳ ያለው ሥራ መሆኑን፣ የረመዳንን ጾም በከባድ ሁኔታ ላፈረሰ ሰው ከተደነገገው ካሳ የመጀመሪያው ባሪያን ነጻ ማውጣት እንደነበር፣ ሐበሻው ቢላልንም አቡበክር ገዝተው ነጻ እንዳወጧቸው ነገርናት። ነገር ግን ይህን እያወቁ ለትርፍ ሲሉ ሰውን የሸጡ እንደነበሩም አልደበቅናትም። ከእኛም አገር ብዙዎች በቀይ ባሕር ተሻግረው ተሸጠዋል፤ በኢትዮጵያም ባርነት በአዋጅ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1942 ነበር። ልጆች ከወላጆቻቸው አፍ እውነቱን ቢሰሙ ይሻላል። ሃይማኖቱ ያዘዘውንና ሰዎች የሠሩትን ለይቶ ማየት የሚጀመረው ከዚህ ነው። የዚያን ዕለት ኢፍጣር ላይ የልጅቱ ዱዓ ረዥም ነበር።

ለመሄድ ለምታስቡ

በረመዳን ለመጓዝ ያሰበ ቤተሰብ ጥቂት ነገሮችን ቢያስብ ይጠቅመዋል። ቪዛና የጉዞ መድን የሚጠየቁ ስለሆኑ ቀድማችሁ አጣሩ፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያዙ። ወባ ስላለ አጎበርና መከላከያ አትርሱ። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት አጋማሽ ረዥሙ ዝናብ ይጥላል። ጉብኝቱን ለጠዋትና ከዐስር በኋላ አድርጉት፤ ቀትሩን ለዕረፍትና ለቁርኣን ተዉት። ሁሉን ለማየት አትሩጡ፤ በሳምንት ሦስት ቦታ ይበቃል። እንግድነት ስትጠሩ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። እኛ የወሰድነው የተቆላ ቡና ከሁሉም በላይ ተወዷል።

ገንዘቡ የማይፈቅድለትም አይዘን። ጉዞው ካስተማረን ሁሉ የሚበልጠው አውሮፕላን የማይጠይቅ ነው። ቁርኣን ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ "ኢብኑ ሰቢል"፣ ማለትም መንገደኛው፣ መሆኑን ይናገራል። ጾመኛን ያስፈጠረ ሰውም የጾመኛውን ያህል ምንዳ እንደሚያገኝ፣ ከጾመኛውም ምንዳ እንደማይጎድል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ቢቢ ስማችንን ሳያውቁ ሰሌናቸውን ያነጠፉልን ይህን ስለሚያውቁ ነው።

በከተማችንም ከየመን፣ ከሱዳንና ከሶማሊያ መጥተው ከአገራቸው ርቀው የሚጾሙ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። ለሥራና ለትምህርት ከክፍለ ሀገር መጥተው በኪራይ ክፍል ብቻቸውን ቴምር ቆርጠው የሚያፈጥሩ ወጣቶችም አሉ። በቀረው የረመዳን ቀን ከመካከላቸው አንዱን ወደ ቤታችን እንጥራ። ምን እንደሚበሉ፣ በአገራቸው ኢፍጣር ምን እንደሚመስል ልጆቻችን ይጠይቋቸው። አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ መንገደኞቻችንንም በሰላም ለቤታቸው ያብቃልን።